ወንድሟ ባሕር ለቀረባት እህቴ

እህቴ፣

በርቺ አልልሽም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያላለሽ ሰው የለም። ከዚህ በላይ የምትበረቺበትን ጉልበትስ ከየት ታመጪዋለሽ።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ አንቺ ማር ዴል ፕላታ። አገሩ ባይርቅ መጥቼ ከጎንሽ እቀመጥ ነበር። ብዙም አልናገርም ነበር። በእኛ አገር ለቅሶ የሚደርስ ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ከሐዘንተኛዋ ጋር ያለቅሳል። የቀረበለትን ንፍሮ ይዘግናል። መሽቶ ሲነሣ ሁለት ቃል ተናግሮ ይወጣል። በማግስቱም ይመለሳል። ሐዘንተኛዋ ማን ምን እንዳላት አታስታውስም። ማን ማን እንደመጣ ግን አትረሳም።

መምጣት ስላልቻልኩ እጽፋለሁ። ወረቀት የሰውን ያህል እንደማይሆን አውቃለሁ። አንድ ቀን ግማሹን አንብቢው፣ የቀረውን ተይው። ለቅሶ መጥቶብሽ ካቋረጥሽው፣ ካቆምሽበት ይጠብቅሻል።

ወንድምሽ በአርጀንቲናዋ ሰርጓጅ መርከብ ከጠፉት 44 ሰዎች አንዱ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። በጋዜጣ፣ በባነር፣ በሐውልት ላይ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሮ አይተሽዋል። ለአንቺ ግን ስሙ ቤት ውስጥ የሚጠራ ስም ነበር።

ወደ ቤቱ እየመጣ ነበር። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰርጓጅ መርከቧ ሳን ሁዋን ከኡሹዋያ የተነሣችው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2017 ነበር። መድረሻዋ ያንቺው ከተማ ወደብ ነው። ሥራውን ጨርሶ የሚመለስ ሰው ነበር። የሚመለስ ሰው ደግሞ ከመድረሱ በፊት ቤቱ ይዘጋጅለታል።

ኖቬምበር 15 ጠዋት ከመርከቧ መልእክት መጣ። በአየር መሳቢያው በኩል የባሕር ውሃ ገብቶ ከፊት ያለው ባትሪ ጋ ደርሷል፣ የኤሌክትሪክ ንክኪ ፈጥሯል፣ ጭስም ነበር ተባለ። ጉዞው ግን ይቀጥላል ተባለ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ።

44 ሰው የውሃ ሽታ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የባሕር ኃይሉን ሠፈር አጥር ታውቂዋለሽ። ባንዲራው፣ ፎቶግራፉ፣ በእጅ የተጻፈው ወረቀት፣ ሽቦው ላይ የተንጠለጠለው መቁጠሪያ። ነፋሱ የፈታውን መልሶ የሚያስረው የእናቶች እጅ። እኔ በፎቶ ነው ያየሁት። አንዱን ወረቀት ዝናብ አርሶት ቀለሙ ወርዶ ነበር፤ ስሙ ግን ይነበባል።

«አየር ለሰባት ቀን ያህል ይበቃቸዋል» አሏችሁ።

ሰባት ቀን የተሰጠው ሰው ይቆጥራል። ሌሊት ነቅተሽ ስንት እንደቀረ ቆጥረሻል። ምናልባትም ሳይታወቅሽ የራስሽን ትንፋሽ ቆጥበሻል።

የሳተላይት ስልክ ጥሪ ተሞክሯል ተባለ። ሰባት ጊዜ። ቆይቶ የእነሱ አይደለም ተባለ። ብረት በብረት ሲመታ የሚመስል ድምፅ ከባሕሩ ተሰማ ተባለ። መርከቧን ከውስጥ የሚደበድቡ ሰዎች መሰሉ። እሱም የእነሱ አልነበረም። በሰማዩ ላይ የብርሃን ምልክት ታየ ተባለ። እሱም አልሆነም።

በእነዚያ ጥቂት ቀናት ወንድምሽ ስንት ጊዜ ሞቶ፣ ስንት ጊዜ ተነሣብሽ።

ተስፋ በማድረግሽ አትሸማቀቂ። በኋላ ላይ «ያኔ እኮ ሁሉም አብቅቶ ነበር» ሲሉ ሰምተሻል። መጠበቅሽን እንደ ሞኝነት ያየሽበት ቀን ካለ፣ እባክሽ እንደዚያ አትዪው። ከብዙ አገር የመጡት መርከበኞችና አብራሪዎችም በዚያ ማዕበል ላይ ያደሩት ያንቺኑ ተስፋ ይዘው ነው። አንቺ ደግሞ እህቱ ነሽ። እህት ካልጠበቀች ማን ይጠብቃል።

አንድ ጥያቄ ከአንቺ ጋር እንደሚተኛ፣ ከአንቺም ጋር እንደሚነሣ አውቃለሁ። ለምን አልደረሱለትም?

የሚያሳርፍ መልስ የለኝም። ግን ብቻሽን ይዘሽው እንዳታድሪ፣ የማውቀውን ቀስ ብዬ ልንገርሽ። ዛሬ መስማት ካልፈለግሽ ይህን እለፊው። እኔ አልከፋም።

ባሕር የያዘውን አያሳይም። ጥቂት መቶ ሜትር ሲወርዱ የፀሐይ ብርሃን ያልቃል። የሬዲዮ ሞገድ ወደዚያ ጥልቀት አይዘልቅም። ሳተላይት ያን ያህል ወደ ታች አያይም። ሩቅ የሚሄደው ድምፅ ብቻ ነው። ድምፅም ቢሆን ሙቁና ቀዝቃዛው ውሃ በሚገናኝበት ይጠመዘዛል፣ ከባሕሩ ወለል ገደል ጋር ይላተማል፣ ከመርከብና ከዓሣ ነባሪ ድምፅ ጋር ይደባለቃል። አንዲት ኳኳታ ከየት እንደመጣች መለየት ለሠለጠነ ጆሮም ከባድ ነው። ዋሽተውሽ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። እነሱም መስማት ፈልገው ነበር።

ላዩም አልራራም። በደቡብ አትላንቲክ በዚያ ሰሞን ማዕበሉ ከ6 እስከ 8 ሜትር ይነሣ ነበር። እንዲህ ባለ ባሕር ላይ መርከብ ራሷን ማትረፍ ይበቃታል። ከታች ያለውን የሚያዳምጥ መሣሪያ ጎትቶ መሄድ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው።

የነፍስ አድን መሣሪያው ከአሜሪካ መጣ። በግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች ተጭኖ ኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ ገባ። ተሸክሞት የሚሄድ መርከብ ግን እንዲያው ቆሞ አይጠብቅም። ሶፊ ሲየም የተባለችውን መርከብ ወደቡ ላይ አቁመው፣ የኋላዋን ብረት ቆርጠው፣ መሣሪያው የሚያርፍበትን በይደው አዘጋጇት። ቀንና ሌሊት ነው የተሠራው። እነዚያን በያጆች አንዳንድ ጊዜ አስባቸዋለሁ። ወንድምሽን አይተውት አያውቁም። ቤታቸው መተኛት ሲችሉ፣ ለማያውቁት ሰው ብለው በዚያ ንፋስ ውስጥ ብረት ላይ ተደፍተው አደሩ።

ያ መሣሪያ የሚወርደው እስከ 600 ሜትር ገደማ ነው።

ወንድምሽ ያለበት ጥልቀት 907 ሜትር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቢደርሱ፣ ቦታውንም ሰው በጣቱ ቢያሳያቸው፣ እስከዚያ የሚወርዱበት አልነበራቸውም። እዚያ ታች ባሕሩ የጣት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ 90 ኪሎ ገደማ ይጫናል። ሳን ሁዋን የተሠራችው ለ300 ሜትር ነበር።

አንቺ ስላልጮኽሽ አይደለም፣ እህቴ። ደጅ ሳትጠኚ ቀርተሽም አይደለም። ጸሎትሽ ስላነሰም አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። እጄ እየፈራ ነው የሚጽፈው።

የኑክሌር ሙከራን ለመከታተል ውቅያኖስ ውስጥ የተተከሉ ማዳመጫዎች አሉ። አንዱ አሴንሽን ደሴት ጋ፣ ሌላው ክሮዜ ደሴቶች ጋ ነው፤ ከእናንተ በሺዎች ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ኖቬምበር 15፣ የመጨረሻው መልእክት ከመጣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ሁለቱም አንድ ድምፅ መዝግበው ነበር። አጭርና ብርቱ ድምፅ። ይህ ለእናንተ የተነገረው ኖቬምበር 23 ነው። ያን ቀን ሠፈሩ ውስጥ ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። እንዲህ ያለ መርዶ በካሜራ ፊት መስማት አይገባችሁም ነበር።

ድምፁን ያጠና አንድ የቀድሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባለሙያ፣ የመርከቧ አካል የተደረመሰው በ40 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ እንደሆነ ገምቷል። ዓይን ከሚጨፈንበት ጊዜ ያነሰ ነው። ሕመም ወደ ሰው አእምሮ ለመድረስ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ አንቺ በሌሊት የቆጠርሽው አየር፣ እሱ የተጨነቀበት አየር አልነበረም። በጨለማው ውስጥ ሰባት ቀን ሙሉ አልጠበቀሽም። ስምሽን እየጠራ ሰሚ አላጣም።

ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓታት ቀላል ነበሩ አልልሽም። ጭስ ነበር፣ ውሃ ነበር፣ ሥራ ነበር። ግን ሰዎቹ አብረው ነበሩ፣ ሙያቸውን ያውቁ ነበር፣ መርከቧን ወደ ቤት ለማምጣት ይደክሙ ነበር። ይህን ያህል ብቻ ነው መናገር የምደፍረው።

ይህ ያጽናናሽ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ባያጽናናሽ ግድ የለም።

ኖቬምበር 30 ቀን 2017 የነፍስ ማዳኑ ሥራ ማብቃቱ ተነገረ። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 21 ነበር፣ የጽዮን ማርያም በዓል። እዚህ ሰው ነጭ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ፣ እዚያ እናንተ ከእንግዲህ የሚፈለገው በሕይወት ያለ ሰው እንዳልሆነ እየሰማችሁ ነበር።

እናንተ ግን አልተዋችሁም። ፍለጋው እንዳይቆም ጠየቃችሁ። ሰልፍ ወጣችሁ። ቦነስ አይረስ ድረስ ሄዳችሁ ፕላዛ ዴ ማዮ ላይ ድንኳን ተክላችሁ ሰነበታችሁ። ሰው ሐዘንተኛ ቤቱ ተቀምጦ እንዲያለቅስ ይጠብቃል፤ እናንተ ሐዘናችሁን አደባባይ ይዛችሁ ወጣችሁ። እኔ ይህን ሳስብ እኮራባችኋለሁ።

በመጨረሻ ኦሽን ኢንፊኒቲ የተባለው ኩባንያ ካላገኘሁ ክፍያ አልፈልግም ብሎ ውል ገባ። በሴፕቴምበር 2018 መርከቡ ፍለጋውን ጀመረ። ከእናንተ ከቤተሰቦች አራት ሰዎች አብረው ተሳፍረው ነበር። ሰው የሌለባቸው ሰርጓጅ ሮቦቶች ወደ ታች ይላካሉ፤ ከወለሉ ከፍ ብለው እየሄዱ በድምፅ ሥዕል ያነሣሉ፤ ለሰዓታት ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ሲወጡ ያመጡት ሥዕል አንድ በአንድ ይታያል። ጥርጣሬ ያለበት ነጥብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ተመልሰው ወርደው ያዩታል። አንዱ ድንጋይ ይሆናል። ሌላውም ድንጋይ ይሆናል።

በዚያ መርከብ ላይ ያሉት አራቱ የቤተሰብ አባላት በየነጥቡ ምን ሆነው ይሆን? እንዲሆን ይመኛሉ ወይስ እንዳይሆን? ምናልባት ሁለቱንም በአንድ ልብ። ሁለቱንም መመኘት ይፈቀዳል።

መርከቡ ፍለጋውን አቋርጦ ለጥገና ሊሄድ ሲል፣ ቁጥር 24 የተባለውን ነጥብ ማየት ቀርቶት ነበር። ርዝመቱ 60 ሜትር ገደማ ነበር። ኖቬምበር 16 ቀን 2018 ነው። የዓመቱ መታሰቢያ በዋለ በማግስቱ።

እሷ ነበረች። ከኮሞዶሮ ሪቫዳቪያ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የባሕሩ ወለል በገደል በሚከፋፈልበት ቦታ። ሌሊቱ ሳይነጋ ለዓለም ተነገረ። ፎቶ ወጣ፤ የፊቷ ክፍል፣ የኋላ መዘውሯ። አይተሽው ከሆነ አዝናለሁ። ላለማየት ወስነሽ ከሆነም ልክ ነሽ።

ከዚያ ደግሞ ማውጣት አይቻልም ተባለ። ከ2000 ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ከ907 ሜትር የሚያነሣ አቅም መንግሥት የለኝም አለ። ተገኘ፣ አልመጣም። ለዚህ ዓይነቱ ሐዘን በየትኛውም አገር የተዘጋጀ ሥርዓት ያለ አይመስለኝም።

በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሰልስቱ አለ፣ አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ። ሐዘን በቀን ይያዛል። አንቺን ሳስብ ግን እጨነቃለሁ። አርባውን ከየትኛው ቀን ትቆጥሪዋለሽ? ድምፁ ከጠፋበት ከኖቬምበር 15? መርዶው ከተነገረበት ከ23? የነፍስ ማዳኑ ሥራ አበቃ ካሉበት ከ30? ወይስ ዓመት ቆይታ መርከቧ ከተገኘችበት ቀን? አራት ቀን አለሽ። በአራቱም ብታለቅሺ፣ «ገና ነሽ እንዴ» የሚልሽን ሰው አትስሚው። ሐዘን የመጣብሽ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሬሳ ሳይኖር መቅበር ምን እንደሆነ እኛም አይተናል። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019፣ ወንድምሽ ያለበት ቦታ ከታወቀ አራት ወር ሳይሞላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰው ነበረበት። ከሳምንት በኋላ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል 17 ሣጥን መጣ። ሣጥኖቹ ባዶ ነበሩ። ለቤተሰቦቹ ከወደቁበት ቦታ የተዘገነ አፈር ተሰጥቷቸው ነበር።

እናቶች ባዶውን ሣጥን አቅፈው አለቀሱ። ባዶ መሆኑን ያውቃሉ። እያወቁ አቀፉት። ማንም «ተዪ፣ ምንም የለበትም» አላላቸውም።

አንቺ አፈርም አላገኘሽም። ውሃ አይዘገንም። ግን ቤትሽ ውስጥ የቀረ ሸሚዝ ቢኖር፣ ጫማ ቢኖር፣ እሱን አቅፈሽ ብታለቅሺ አበድሽ የሚልሽ ካለ ለቅሶ አያውቅም። አስቀምጪው። ለሰው ለመስጠት የሚቸኩል ዘመድ ካለ፣ ገና ነው በዪው። መቼም ገና ቢሆን የማንም ዕዳ የለብሽም።

አንድ ሌላ ነገር ላነሣብሽ ነው። ዜናው በየጊዜው ቁስልሽን ይነካካዋል። በኤፕሪል 2021 የኢንዶኔዥያዋ ሰርጓጅ መርከብ ናንጋላ 53 ሰዎች ይዛ ጠፋች። እንደገና ሰዓት ተቆጠረ። የተገኘችው ከ800 ሜትር በታች፣ ሦስት ቦታ ተሰብራ ነው። በጁን 2023 ደግሞ ታይታን የተባለችው ትንሽ ሰርጓጅ አምስት ሰው ይዛ ወደ ታይታኒክ ስትወርድ ጠፋች። 96 ሰዓት አየር አላቸው ተባለ። ኳኳታ ተሰማ ተባለ። ዓለም ሁሉ ሰዓት ላይ ተቀመጠ። በኋላ ፍርስራሹ 3800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ሲገኝ፣ ያ ሁሉ ሰዓት ከመቆጠሩ በፊት ሁሉ ነገር ማብቃቱ ታወቀ።

ያኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍተሽ ከሆነ ደግ አደረግሽ። ሌሎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰሙትን አንቺ በሥጋሽ ታውቂው ነበር።

የዳኑም አሉ። በ1973 ከአየርላንድ ራቅ ብሎ፣ ፓይሲስ ሦስት የተባለች ሰርጓጅ ውስጥ ሮጀር ቻፕማንና ሮጀር ማሊንሰን 480 ሜትር ገደማ ላይ ተይዘው፣ ከሦስት ቀን በላይ በጨለማና በብርድ ቆይተው ወጡ። ሲወጡ የ12 ደቂቃ ያህል አየር ነበር የቀራቸው። በ2005 ካምቻትካ አጠገብ ሰባት ሩሲያውያን በሽቦ ተጠላልፈው ሲቀሩ፣ ከእንግሊዝ የመጣ ሮቦት ሽቦውን ቆርጦ አስወጣቸው። እነዚያ የነበሩበት ቦታ ይታወቅ ነበር። መርከባቸው አልተሰበረም ነበር። ጥልቀቱም የሚደረስበት ነበር። ሦስቱ አንድ ላይ የገጠሙላቸው ናቸው።

ይህን ስትሰሚ «ለእነሱ ሆኖ ለእኔ ወንድም ለምን አልሆነም» ብትዪ፣ ክፉ ሰው አያደርግሽም። በሰው መዳን መቅናት አይደለም። የራስን ሰው መፈለግ ነው።

ብትናደጂም ተናደጂ። መርከቧ በምን ሁኔታ ላይ ሆና ወደ ባሕር እንደወጣች፣ ማን ምን እያወቀ እንደላካት ጠይቃችኋል። ምክር ቤቱ መርምሯል፣ ፍርድ ቤትም መዝገብ ከፍቷል። ያ መንገድ ረጅም ነው። «ተዪው፣ እሱን አይመልሰውም» የሚሉሽ ይኖራሉ። እንደማይመልሰው አንቺ ሳታውቂ ቀርተሽ ነው? ለእሱ የቀረሽ ሥራ ያ ከሆነ ሥሪው። ደክሞሽ ለሌላ ሰው ከተውሽውም ወንድምሽን አልተውሽውም።

እንቅልፍሽስ እንዴት ነው? እህል ትቀምሻለሽ? ይህን መጠየቅ ነበረብኝ ከሁሉ በፊት። ሐዘን የሚጎዳው አካልን ጭምር ነው። ስለ እሱ ብለሽ አይደለም፣ ስለ ማንም ብለሽ አይደለም፤ ትንሽ ብዪ፣ ትንሽ ጋደም በዪ። ሌሊቱ ሲረዝምብሽ የምትደውዪለት አንድ ሰው ይኑርሽ። ከ44ቱ ቤት አንዷ ብትሆን የተሻለ ነው። እነሱ ጋ ማስረዳት አያስፈልግሽም። «ዛሬ ነፋስ አለ» ብትያት ይበቃታል።

ባሕሩ ደግሞ ደጅሽ ነው። ይህ ከባድ እንደሆነ አስባለሁ። እኔ ያለሁት ባሕር በሌለው አገር ነው። አንቺ መስኮት በከፈትሽ ቁጥር የምታዪው እሱን ነው። ለዓመታት ፊትሽን ብታዞሪበት መብትሽ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ወርደሽ ዳር ላይ መቀመጥ ካሰኘሽ፣ እሱን ይቅር ማለትሽ አይደለም። ወንድምሽ ወዶት የሠራበት ቦታ ነው። ለምን እንደወደደው አንቺ ከማንም በላይ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ልለምንሽ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቅሽ ስለ መርከቧ ነው። ስለ ባትሪው፣ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ ድምፁ። እኔም ይኸው ይህን ሁሉ ወረቀት ስለዚያ ጻፍኩ። ከእንግዲህ ግን ስለ እሱ ልጠይቅሽ። በልጅነቱ ረባሽ ነበር ወይስ ጭምት? ሲስቅ ድምፁ ይወጣ ነበር? ከባሕር ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ምን ነበር? ተኮራርፋችሁ ታውቃላችሁ? ማን ቀድሞ ነበር የሚታረቀው?

ስትችዪ ጻፊልኝ። በዚህ ዓመት ካልሆነ በሚመጣው። እኔ እዚሁ ነኝ፤ አድራሻዬም አይቀየርም።

ያንቺው